የልጆቼን የውስጥ ጆሮ ያስመረመርኩበት ክሊኒክ፦ ምኑን ወደድኩት፣ ምኑ ጎደለው

በቀጥታ ልናገር። በቤተሰባችሁ ውስጥ በወጣትነቱ መስማት የቀነሰ ሰው ካለ ልጆቻችሁን የውስጥ ጆሮ ምርመራ አስደርጉ። ልጁ ሲጠሩት «አቤት» ማለቱን አትመኑ። ምርመራው አያምም። መርፌ የለውም፣ ማደንዘዣ የለውም፣ ልጁ ከተረጋጋ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። እኔ ሁለቱንም ልጆቼን አስመርምሬያለሁ፤ ሳላስበው ራሴም ተመርምሬ ወጥቻለሁ። ክሊኒኩን የማመሰግንበትም የምወቅስበትም ነገር አለኝ። ስሙን አልጠራም። የምፈልገው አንድ ቤት ማስተዋወቅ ወይም ማሳጣት አይደለም፤ እናንተ ባላችሁበት ይህን አገልግሎት ስትፈልጉ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

ለምን ሄድኩ? እናቴ መስማት መቀነስ የጀመረችው ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ነው። መጀመሪያ የጠፉባት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፦ የወፍ ጩኸት፣ የስልክ ጥሪ፣ የሕፃን ልጅ ንግግር። ታላቅ ወንድሜም ልክ በዚያው ዕድሜ፣ ልክ በዚያው አካሄድ ጀመረው። ዛሬ ሁለቱም የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋሉ። ሁለቱም ለዓመታት «ደህና ነኝ» ሲሉ ቆይተው፣ ሥራቸውና ማኅበራዊ ኑሯቸው ከተጎዳ በኋላ ነው ሐኪም ያዩት። ወንድሜ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ መጥቶ «እንደ እኔ አትጠብቂ፣ ልጆቹን አሁኑኑ አሳዪ» አለኝ። ነገሩን የቆረጥኩት ያኔ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ምርመራው ምን እንደሚለካ ብታውቁ ይጠቅማችኋል። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ኮክሊያ የሚባል፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠመዘዘ ክፍል አለ። በውስጡ የፀጉር ሴሎች የሚባሉ ጥቃቅን ሴሎች ተደርድረዋል። በአንድ ረድፍ ወደ 3,500 የሚጠጉ የውስጥ ፀጉር ሴሎች አሉ፤ ድምፁን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። በሦስት ረድፍ ደግሞ ወደ 12,000 የሚሆኑ የውጭ ፀጉር ሴሎች አሉ። የእነዚህ ሥራ ይለያል። ድምፅ ሲመጣ ራሳቸው ይኮማተራሉ፣ ይዘረጋሉ፤ በዚህም ደካማውን ድምፅ ያጎሉታል። ሰው ላይ እነዚህ ሴሎች አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። በብዙ ዓይነት የዘር መስማት ችግር ደግሞ ቀድመው የሚዳከሙት እነሱ ናቸው።

የሚገርመው ነገር እዚህ ላይ ነው። የውጭ ፀጉር ሴሎቹ ሲንቀሳቀሱ ጆሮ ራሱ ድምፅ ያወጣል። በጣም ደካማ ነው፣ እኛ አንሰማውም፤ ግን ጥሩ ማይክሮፎን ይይዘዋል። ቶማስ ጎልድ የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1948 ኮክሊያ ድምፅ ተቀባይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ራሱም ኃይል እንደሚጨምር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ ዴቪድ ኬምፕ ድምፁን ከሰው ጆሮ ለክቶ አሳየ። ዛሬ ኦቶአኮስቲክ ኢሚሽን፣ ባጭሩ ኦ.ኤ.ኢ. የሚባለው ምርመራ ከዚያ የመጣ ነው። ልጁ «ሰማሁ» ወይም «አልሰማሁም» ማለት አይጠበቅበትም። ጆሮው ራሱ ይመልሳል። ለዚህ ነው የተወለደ ሕፃን ላይ ሳይቀር የሚሠራው።

አሁን ወደ ክሊኒኩ። ከሁሉም በላይ የወደድኩት ኦዲዮሎጂስቷ፣ ማለትም የመስማት ምርመራ ባለሙያዋ፣ ጆሮ ከመንካቷ በፊት ያደረገችውን ነው። ወረቀት አወጣችና የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ መሳል ጀመረች። ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ። መስማት የቀነሰውን ቀለም ትቀባዋለች። ከአያቶቼ ጀምራ እኔ ድረስ ወረደች። ያለማጋነን፣ ከምርመራው እኩል የሚጠቅም ሥራ ነው።

የጠየቀችኝ ጥያቄ ሁሉ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱን ስጠይቃት ደግሞ አልተሰላቸችም። «ከቤተሰቡ ውስጥ ማታ ማታ ማየት የሚቸገር ሰው አለ?» አለችኝ። አሸር ሲንድሮም የሚባለው መስማትንም ዓይንንም አብሮ ስለሚጎዳ ነው። «ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ልጅ ነበር?» አንዳንዱ የዘር መስማት ችግር ከልብ ምት መዛባት ጋር አብሮ ይመጣል፤ የልብ ምርመራ ካልተደረገ ለሕይወት ያሰጋል። «እንቅርት ያለበትስ?» ይኼኛው የመስማት ችግርንና እንቅርትን አብሮ የሚያመጣውን ፔንድረድ ሲንድሮምን ለማሰብ ነው። «ግንባሩ ላይ ነጭ የፀጉር ዘለላ ይዞ የተወለደ፣ ወይም ሁለቱ ዓይኖቹ በቀለም የሚለያዩ ሰው አለ?» ይህ ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ከመስማት ችግር ጋር ለሚያመጣው ዋርደንበርግ ሲንድሮም ነው። ወላጆች በሥጋ ይዛመዱ እንደሆነም ጠየቀች።

አንዷ ጥያቄ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም። «በእናትዎ ወገን ጀንታሚሲን የመሰለ የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ከተወጋ በኋላ መስማት ያቆመ ሰው ያውቃሉ?» አለችኝ። ከእናት ብቻ የሚተላለፍ፣ በማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ላይ ያለ የዘረመል ለውጥ አለ። ይህ ያለበት ሰው ያንን የመድኃኒት ወገን በተለመደው መጠን ቢወስድ እንኳ መስማቱን ሊያጣ ይችላል። እኛ ጋ እንደዚያ ያለ ታሪክ የለም። ግን ስንት ቤት «መርፌ ነው ያደነቆረው» እየተባለ የሚወራ፣ ማንም ያልመረመረው ታሪክ ይኖራል? ይህን የምታነቡ ሁሉ የእናታችሁን ወገን ጠይቁ። እባካችሁ ጠይቁ።

የእኛ ሐረግ ተስሎ ሲያልቅ መልኩ ግልጽ ነበር። ከየትውልዱ ሰው ይነካል፣ ወንድ ሴት አይልም። አንድ ወላጅ ብቻ ቢይዘው እያንዳንዱ ልጅ ከሁለት አንድ ዕድል አለው። ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ፣ በኋላ ዕድሜ ይመጣል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ሁለቱም ወላጆች ደህና እየሰሙ ለውጡን ሳያውቁ ተሸክመው ሲገናኙ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ ዕድል ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከመስማት ችግር ጋር ግንኙነቱ የታወቀው ጂ.ጄ.ቢ.2 የተባለው ጂን ዋነኛ ምሳሌው ነው። «በእኛ ዘር የለም» ማለት የማያዋጣውም ለዚህ ነው። መስማት ተስኗቸው ከሚወለዱ ሕፃናት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወላጆቻቸው የሚሰሙ ናቸው።

ምርመራው ራሱ በትልቁ ልጄ ተጀመረ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ጆሮው ውስጥ ታየ፤ ኩክ ካለ ውጤቱን ያበላሻል። ቀጥሎ ቲምፓኖሜትሪ የሚባለውን አደረጉለት። ጆሮ ውስጥ ትንሽ የአየር ግፊት እየጨመሩና እየቀነሱ ታምቡሩ ሲንቀሳቀስ የሚያዩበት ነው። ይህን ቅደም ተከተል አትናቁት። ከታምቡሩ ኋላ ፈሳሽ ካለ የኮክሊያው ድምፅ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ደህናው ጆሮ የተጎዳ ይመስላል። ጉንፋን የያዘውን ልጅ ይዛችሁ ብትሄዱ በከንቱ ትደነግጣላችሁ።

ከዚያ ዋናው መጣ። ትንሽ የጎማ ቡሽ አለች፤ በውስጧ ድምፅ ማጫወቻና ማይክሮፎን ተገጥሞባታል። ኦዲዮሎጂስቷ ከትሪ ላይ በቀለም የተለያዩ የጎማ ጫፎች እያነሳች ሞከረች። አንደኛው ሰፋ፣ ሌላው ጠበበ። ሦስተኛውን ስታስገባ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አደረገችው፣ ቡሹን ትንሽ አዞረችውና ለቀቀችው። ስክሪኑ ላይ የሚዘልለው የጫጫታ መስመር ወዲያው ወረደ። «ማሙሽ፣ አሁን ምራቅህን እንኳ አትዋጥ፣ እንደ ሐውልት ሁንልኝ» አለችው። ልጄ ከንፈሩን ነክሶ ቁጭ አለ።

መሣሪያው ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ይልካል፤ አንዱ 65 ዴሲቤል፣ ሌላው 55። ጤነኛ ኮክሊያ ሁለቱን ሲቀበል ያልተላከለትን ሦስተኛ ድምፅ ፈጥሮ ይመልሳል። ስክሪኑ ላይ ለየድምፁ ከፍታ (በኸርዝ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል) አንድ ነጥብ ይወጣል። ነጥቡ ከጫጫታው በላይ በቂ ርቀት ካለው የውጭ ፀጉር ሴሎቹ እየሠሩ ነው። በ1000፣ በ2000፣ በ3000 ኸርዝ ነጥቦቹ ከፍ ብለው ወጡ። በ4000ም ደህና ነው። በ6000 ወረደ። በ8000 ከጫጫታው ጋር ተቀላቀለ። ሌላው ጆሮ ላይም ያው ነው።

እዚህ ጋ ባለሙያዋን በጣም አከበርኳት። ውጤቱን አልነገረችኝም። ቡሹን አወጣች፣ እንደገና አስገባች፣ እንደገና ለካች። «በዚህ ከፍታ ላይ የቡሹ አቀማመጥ ብቻ ሊያሳስተን ይችላል» አለች። ሁለተኛውም ያንኑ አሳየ። ያን ጊዜ ነው ወንበሯን ወደኔ ያዞረችው።

ቀጥሎ ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ የተለመደው የመስማት ፈተና ተደረገለት፤ ድምፅ ሲሰማ ቁልፍ ይጫናል። ኦዲዮግራሙ፣ ማለትም የዚህ ፈተና ውጤት ግራፍ፣ እስከ 8000 ኸርዝ ድረስ ከመደበኛው ወሰን አልወጣም። ልብ በሉ፦ ልጄ ይሰማል። ትምህርት ቤት ችግር የለበትም። በተለመደው የመስማት ፈተና ብቻ ቢታይ «ጤነኛ» ተብሎ ይመለስ ነበር። ኦ.ኤ.ኢ. ግን ልጁ ራሱ የማያውቀውን፣ ኦዲዮግራሙም ያልደረሰበትን ድካም አየው። ይህን ምርመራ እንደዚህ የማወድሰው ለዚህ ነው።

«እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም። የዘር ሐረጉ ላይ ጣቷን አድርጋ እናቴን፣ ወንድሜን፣ ልጄን አሳየችኝ። መሐል ላይ ያልተቀባችው ክብ እኔ ነበርኩ። ተቀመጥኩ፣ ቡሹ ገባ። ከ4000 ኸርዝ በላይ አንድም ነጥብ አልወጣልኝም። ኦዲዮግራሙም በዚያው ላይ መጠነኛ ቅነሳ አሳየ። ደነገጥኩ፤ አልቅሻለሁም። እሷ ግን አላጣደፈችኝም። ውኃ ሰጠችኝ፣ ልጄን ሌላ ክፍል አስወስዳ መጫወቻ አስያዘችልኝ፣ ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ለዚህ ደግነቷ ዕድሜ ይስጣት።

ትንሿ ልጄ ገና የሳምንታት ዕድሜ ነበራት። እንቅልፏን ጠብቀን፣ አጥብቼ ካስተኛኋት በኋላ ለኩላት። ሕፃናት ላይ ያለው ትልቁ ፈተና ጫጫታ ነው፤ የራሷ ትንፋሽና መጥባት እንኳ ይረብሻል። እሷ በሁሉም ከፍታ አለፈች። ኦ.ኤ.ኢ. ብቻ ግን አልተዉላትም። ግንባሯና ከጆሮዋ ኋላ ላይ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ተለጥፈው ኤ.ቢ.አር. የሚባለው የመስማት ነርቭ ምርመራም ተደረገላት። ይህን አጥብቃችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ሕፃን ኮክሊያው በደንብ ምላሽ እየሰጠ ድምፁ ወደ አእምሮ አይደርስም። ኦ.ቲ.ኦ.ኤፍ. የሚባለው ጂን ሲበላሽ የሚሆነው ይኸው ነው፤ በኦ.ኤ.ኢ. ብቻ ቢታይ «አለፈ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለዚያ ልጅ ቶሎ መታወቁ ዛሬ ከመቼውም በላይ ትርጉም አለው። በዚያው ጂን ምክንያት መስማት ተስኗቸው የተወለዱ ልጆች በጂን ሕክምና መስማት እንደጀመሩ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተሙ የሙከራ ውጤቶች ተዘግቧል።

በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ ሕፃን በአንድ ወሩ ይለካ፣ ችግር ካለ በሦስት ወሩ ይረጋገጥ፣ በስድስት ወሩ እርዳታው ይጀመር ይላል። እርዳታው የመስሚያ መሣሪያም ይሁን፣ በቀዶ ሕክምና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚገባው ኮክሊያር ኢምፕላንትም ይሁን፣ የምልክት ቋንቋም ይሁን፣ ልጁ ቋንቋ ሳያመልጠው እንዲያድግ ነው ጥድፊያው። እንደኛ ባለ ቤት ግን በሕፃንነት ማለፍ ጉዳዩን አይዘጋውም። የኛ ዓይነቱ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ ትንሿ ልጄም እያደገች ስትሄድ በየጊዜው ትለካለች።

አሁን ወደ ወቀሳዬ። የመጀመሪያው ጫጫታው ነው። የሕፃናቱ መለኪያ ክፍል በሩ ስስ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ስልክ የሚያወራ ሰው፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ የሚጎተት ወንበር ሁሉ ይገባል። የልጄ ምርመራ በዚህ ምክንያት ደጋግሞ ተቋረጠ። ድምፅ የሚለካ ቤት በሩን ማስተካከል ሊከብደው አይገባም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። መጨረሻ ላይ ከእንግዳ መቀበያው የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለው «አልፏል» ወይም «ድጋሚ ይታይ» የሚል ምልክት ብቻ ነው። ነጥቦቹ የሉም፣ ግራፉ የለም። ያ ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ በአንዲት ምልክት ተጠቀለለ። ጠይቄ፣ ቆሜ፣ ወደ ባለሙያዋ ተመልሼ ነው ሙሉውን ያገኘሁት። ለልጄ ዋጋ ያለው ዛሬ ማለፉ ወይም አለማለፉ አይደለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ነጥቡ ከዛሬው ስንት ዴሲቤል ወረደ የሚለው ነው። ለማነጻጸር ደግሞ የዛሬው ቁጥር በእጅ መኖር አለበት።

ሦስተኛው የዘረመል ምርመራው ነው። ከ100 በላይ ጂኖች ከመስማት ችግር ጋር ተያይዘው ታውቀዋል፤ የትኛው እንደሆነ ከታወቀ በሽታው እንዴት እንደሚሄድ፣ ሌላ አካልም ይነካ እንደሆነ መገመት ይቻላል። ክሊኒኩ ይህን ራሱ አይሠራም፣ ችግር የለም። ግን ወዴት እንደምሄድ የነገረኝ አልነበረም፤ የሪፈር ወረቀት የተጻፈልኝ በጥያቄዬ ነው። በዘር የሚተላለፍ ነገር ያገኘ ቤት የዘረመል ምክር የት እንደሚገኝ ሳይጠየቅ መናገር አለበት። እናቶች ሁሉ መጠየቅ አይችሉም። ብዙዎቻችን ደንግጠን ነው የምንወጣው።

እንዲያም ሆኖ ተመልሼ ወደዚያው እሄዳለሁ፣ ሌላውንም እልካለሁ። መጀመሪያ የወለድኩበት ሌላ ሆስፒታል ትልቁን ልጄን በተወለደ ማግሥት ለክቶልኝ ነበር። ሁለት ሰከንድ የመሰለች ነገር። «ደህና ነው» ተባልኩ፣ ስለ ቤተሰብ ማንም አልጠየቀኝም፣ ቀጥሎ መቼ ልምጣ የሚልም አልነበረም። ልጁ ያን ቀን ደህና ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አንድ ሰው «በቤታችሁ በወጣትነቱ መስማት የቀነሰ አለ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ዘጠኝ ዓመት አናሳልፍም ነበር።

አሁን ምን እያደረግን ነው? ልጄ ገና የመስሚያ መሣሪያ አያስፈልገውም። በየስድስት ወሩ ይለካል። የጆሮ ማዳመጫ ድምፁ ዝቅ ብሏል፣ ጩኸት ያለበት ቦታ የጆሮ መከላከያ ይዞ ይሄዳል። ለጤነኛው የሚበዛ ጩኸት ለሱ ይብሳል። ሐኪም ባየው ቁጥር መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የጆሮውን ነገር እንናገራለን። አስተማሪው ያውቃል። እሱም ራሱ ያውቃል፤ አልደበቅነውም። አያቱ የመስሚያ መሣሪያዋን አውልቃ እንዴት ባትሪ እንደሚቀየር አሳየችው፣ አሁን እሱ ነው የሚቀይርላት። እኔ ደግሞ የራሴን ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት መቀመጥ ጀምሬያለሁ፣ ያልሰማሁትን ድገሙልኝ ማለትም አያሳፍረኝም።

ስትሄዱ እነዚህን ያዙ። ልጁ ጉንፋን ካለው ቀጠሮውን አዛውሩ። ሕፃን ከሆነ እንቅልፉን አቆይታችሁ፣ እዚያው አጥብታችሁ አስተኙት። የቤተሰቡን ታሪክ፣ በተለይ ማን በስንት ዓመቱ እንደጀመረው፣ አስቀድማችሁ ከሽማግሌዎቹ ጠይቁና ጽፋችሁ ሂዱ። ቲምፓኖሜትሪ ተደርጓል ወይ በሉ። ለሕፃን ኤ.ቢ.አር. ጠይቁ። የቤተሰብ ታሪክ ካለ ራሳችሁም ተለኩ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የየድምፁ ከፍታ ውጤት በቁጥር ያለበትን ሙሉ ወረቀት በእጃችሁ ያዙ፤ «ኮምፒውተር ውስጥ አለ» ቢሏችሁም አትስሟቸው፣ ይታተምላችሁ።